«ይገባል» ብቻውን አይበቃም፦ በሱዶኩ ላይ ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

ባለፈው እትም በእንቆቅልሽ ገጻችን ላይ የወጣው ሱዶኩ ብዙ ደብዳቤ አምጥቶልናል። ከጸሐፊዎቹ ገሚሶቹ ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ መስሏቸዋል። እንደገና ሠርቼ አይቼዋለሁ፤ ጥያቄው ትክክል ነው፣ መልሱም አንድ ብቻ ነው። ደብዳቤዎቹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳነብ ግን አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በተመሳሳይ መንገድ መሆኑ ታየኝ። ስለዚህ የዛሬውን ቦታ በሙሉ ለሱዶኩ ሰጥቼዋለሁ።

ለአዲስ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሱዶኩ 81 ትንንሽ ቤቶች አሉት። ወደ ጎን 9 ረድፍ፣ ወደ ታች 9 ዓምድ፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው በ3 ረድፍና በ3 ዓምድ 9 ቤት የያዙ 9 ሳጥኖች ይገኙበታል። ከ1 እስከ 9 ያሉት ቁጥሮች በእያንዳንዱ ረድፍ፣ ዓምድና ሳጥን ውስጥ አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ። ረድፍ የምቆጥረው ከላይ ወደ ታች፣ ዓምድ የምቆጥረው ከግራ ወደ ቀኝ ነው።

ጥያቄ፦ ጠዋት ቡናዬን እየጠጣሁ ሱዶኩ መሥራት ከጡረታ ወዲህ የያዝኩት ልማድ ነው። አብዛኛውን ቤት ያለ ችግር እሞላለሁ። ወደ መጨረሻው ስደርስ ግን አንድ ረድፍ ውስጥ ሁለት 7 አገኛለሁ። ያን ጊዜ ተናድጄ ሁሉንም ደምስሼ እንደገና እጀምራለሁ። የምሳሳተው ምኑ ላይ ነው?
— ጡረተኛ፣ ከአዲስ አበባ፣ ጉለሌ

መልስ፦ አባቴ፣ ስህተቱ ሁለቱን 7 ያገኙበት ቦታ ላይ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ብዙ ቁጥሮች በፊት ተፈጽሟል። የተሳሳተ ቁጥር ወዲያው ራሱን አያጋልጥም። በዙሪያው ካሉት ጋር ሳይጋጭ ይቀመጥና ሌሎች የተሳሳቱ ቁጥሮችን ይወልዳል፤ ግጭቱ የሚታየው ባዶ ቤቶቹ ሲያልቁ ነው።

አንድ ቁጥር ለመጻፍ የሚያበቁ ምክንያቶች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው፣ በዚህ ቤት ውስጥ ከዚህ ቁጥር በቀር ሌሎቹ ስምንቱ ሁሉ ተከልክለዋል የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ቁጥር በዚህ ረድፍ፣ ወይም በዚህ ዓምድ፣ ወይም በዚህ ሳጥን ውስጥ ከዚህ ቤት ሌላ መግቢያ የለውም የሚለው ነው። ሰውን የሚያሳስተው ሦስተኛው ነው፦ «እዚህ ቢገባ የሚከለክለው የለም» የሚለው። ይህ ፈቃድ እንጂ ምክንያት አይደለም። አንድ ቁጥር መግባት የሚችልባቸው ቤቶች ሦስትና አራት ሊሆኑ ይችላሉ።

ምሳሌ ልስጥዎ። ላይኛዎቹን ሦስት ሳጥኖች ያስቡ። በግራው ሳጥን ውስጥ 7 በረድፍ 1 ላይ ታትሟል፤ በመካከለኛው ሳጥን ደግሞ በረድፍ 2 ላይ። እንግዲህ በቀኙ ሳጥን ውስጥ 7 የሚገባው በረድፍ 3 ላይ ብቻ ነው። በዚያ ረድፍ የቀኙ ሳጥን ቤቶች በዓምድ 7፣ 8 እና 9 ላይ ናቸው። በዓምድ 8 ላይ 4 ታትሟል፤ ሁለት ባዶ ቤቶች ቀሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ከሁለቱ አንዱን መርጦ 7 ይጽፋል። ዓይኑን ወደ ታች ቢልክ ግን በዓምድ 9፣ በረድፍ 6 ላይ ሌላ 7 ያያል፤ ያኔ ለ7 የሚቀረው የዓምድ 7 ቤት ብቻ ይሆናል። ወደ ታች ሳያይ ዓምድ 7ን የመረጠ ሰውም መልሱ ትክክል ሆኖለታል። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ሰው ነው። ዕድል ስለረዳው ያለ ምክንያት መጻፍን ይለምዳል፤ ነገ ዕድሉ ሲከዳው ከየት ጀምሮ እንደተሳሳተ ማወቅ ያቅተዋል።

ስለዚህ እርሳሱ ወረቀቱን ከመንካቱ በፊት ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩት፤ ብቻዎን ከሆኑ ድምፅ አውጥተው ቢሉት ይመረጣል። «7 እዚህ ነው፤ ምክንያቱም ረድፍ 1 እና 2 ተይዘዋል፣ ዓምድ 9 ተይዟል።» ዓረፍተ ነገሩ ካልመጣልዎ ቁጥሩም አይጻፍ።

ሁለት 7 ሲገኙ ደግሞ ሁሉንም ለመደምሰስ አይቸኩሉ። ከሁለቱ አንዱ የታተመ ከሆነ ጥፋቱ በእጅ የተጻፈው ላይ ነው። ያ 7 በምን ምክንያት እንደተጻፈ ይጠይቁ። ምክንያቱ በሌላ በእጅ በተጻፈ ቁጥር ላይ ከቆመ ወደዚያኛው ይሂዱና እሱንም ይጠይቁት። እንዲህ እያሉ ወደኋላ ሲመለሱ ምክንያት የሌለው ቁጥር ላይ ይደርሳሉ፤ መደምሰስ ያለበት እሱና በእሱ ላይ ተመሥርተው የተጻፉት ናቸው። ይህ ፍለጋ እንዲቀልልዎ አንድ ዘዴ ልንገርዎ። አሥር ያህል ቁጥር በእርሳስ ከጻፉ በኋላ ቆም ብለው የእያንዳንዱን ምክንያት ደግመው ያረጋግጡ፤ የተረጋገጡትን በእስክሪብቶ ያድምቁ። ችግር ሲመጣ ላጲሱ የሚነካው ካለፈው ማረጋገጫ ወዲህ የተጻፉትን ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ፦ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ በየቤቱ ጥግ ትንንሽ ቁጥሮችን ይጽፋሉ። እኔ ስጽፍ ወረቀቱ ይጨናነቅብኛል፣ ሳልጽፍ ደግሞ ሐሳቡ ይጠፋብኛል። የትኛው ይሻላል?
— ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ እነዚያን ትንንሽ ቁጥሮች ዕጩዎች እንበላቸው። ገና ከመነሻው አትጻፊያቸው። ቀላል ሱዶኩ ያለ ዕጩ ያልቃል፤ መካከለኛውም ቢሆን ግማሽ መንገድ ድረስ በዓይን ብቻ ይወስድሻል። ዓይንሽ ሠርቶ ሠርቶ ምንም አዲስ ነገር ሲያጣ ያን ጊዜ ጻፊ። ስትጽፊ ግን ለባዶዎቹ ቤቶች ሁሉ፣ መግባት የሚችለውን ቁጥር ሁሉ፣ አንድም ሳታጎድዪ ይሁን።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምናገር ላስረዳሽ። መሰረዝ ሲገባው የተረፈ ዕጩ ያስቆምሻል እንጂ አያሳስትሽም። መኖር ሲገባው የጎደለ ዕጩ ግን ያሳስትሻል። አንድ ቤት 2፣ 5 ወይም 9 ሊይዝ ይችላል እንበል፤ አንቺ 9ን ረስተሽ 2 እና 5 ብቻ ጻፍሽ። ቆይቶ 2 ሲከለከል «5 ብቻ ቀረ» ብለሽ በሙሉ ልብ ትጽፊያለሽ፤ መልሱ ግን 9 ሊሆን ይችል ነበር። ይህን ስህተት ለማግኘት እጅግ ከባድ የሚያደርገው ምክንያት ያለሽ መምሰሉ ነው። ስለዚህ አንድ ዕጩ ይሰረዝ አይሰረዝ ብለሽ ከተጠራጠርሽ አትሰርዢው፤ ይቆይ።

አንድ ቁጥር በጻፍሽ ጊዜ ያንኑ ቁጥር ከዕጩነት የምታወጪባቸው ቤቶች 20 ናቸው። 8ቱ በረድፉ፣ 8ቱ በዓምዱ፣ የቀሩት 4ቱ ደግሞ በሳጥኑ ውስጥ ከረድፉና ከዓምዱ ውጭ ያሉት ናቸው። በተላኩልኝ ወረቀቶች ላይ አዘውትረው የተረሱት እነዚህ የመጨረሻዎቹ 4 ቤቶች ናቸው። ስለ ሌላ ቁጥር ከማሰብሽ በፊት ይህን ሥራ ጨርሺው። መጨናነቁን ደግሞ ለዕጩዎቹ ቋሚ ቦታ በመስጠት ታቀልያለሽ፤ 1፣ 2 እና 3 በቤቱ አናት፣ 4፣ 5 እና 6 በመሃል፣ 7፣ 8 እና 9 በግርጌ። ቦታው ባዶ መሆኑን አይተሽ ብቻ የትኛው ቁጥር እንደሌለ ታውቂያለሽ።

ጥያቄ፦ «ጥንድ» የሚባለውን ዘዴ የሥራ ባልደረባዬ አስተማረኝ። ሁለት ቁጥሮች በሁለት ቤቶች ውስጥ ከታዩ ከሌሎቹ ቤቶች ይሰረዛሉ አለኝ። እንዳለኝ ሳደርግ ግን አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ሱዶኩው ይበላሻል።
— የባንክ ሠራተኛ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ባልደረባዎ የነገሩዎት እውነት ነው፤ ዋናው ቅድመ ሁኔታ ግን ተዘሏል። ሁለቱ ቤቶች ከሁለቱ ቁጥሮች በቀር ሌላ ዕጩ ሊኖራቸው አይገባም።

በረድፍ 5 ላይ አራት ባዶ ቤቶች አሉ እንበል፤ በዓምድ 1፣ 4፣ 7 እና 9 ላይ። የጎደሉት ቁጥሮች 2፣ 5፣ 6 እና 8 ናቸው። የዓምድ 1 ቤት 2 ወይም 5 ይላል፤ የዓምድ 4ም 2 ወይም 5። የዓምድ 7 ቤት 2፣ 6 ወይም 8፣ የዓምድ 9 ደግሞ 5፣ 6 ወይም 8 ይላሉ። 2 እና 5 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቤቶች ይከፋፈላሉ፤ የትኛው የት እንደሚገባ ገና ባናውቅም ወደ ሌላ ቤት ሊሄዱ አይችሉም። ስለዚህ 2ን ከዓምድ 7፣ 5ን ከዓምድ 9 ይሰርዛሉ። ሁለቱም ቤቶች ላይ 6 እና 8 ብቻ ይቀራሉ። ይህ እውነተኛ ጥንድ ነው።

አሁን አንዲት ነገር እንለውጥ። የዓምድ 4 ቤት 2፣ 5 ወይም 8 ይበል፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆይ። «2 እና 5 በሁለቱም ቤቶች ውስጥ አሉ» ብለው እንደ ቅድሙ ቢሰርዙ ሱዶኩውን አበላሹት። ረድፉ በትክክለኛው መልስ 2፣ 8፣ 6፣ 5 ሊሆን ይችላልና፤ እርስዎ ግን 5ን ከዓምድ 9 አውጥተው ጥለውታል። አንዲት ትርፍ ዕጩ ጥንዱን ታፈርሳለች።

ሁለተኛ መልክ ያለው ጥንድም አለ፤ ሰዎች ከመጀመሪያው ጋር የሚያምታቱት እሱን ነው። በአንድ ሳጥን ውስጥ 1 እና 9 የሚታዩት በሁለት ቤቶች ብቻ ነው እንበል፤ አንዱ ቤት 1፣ 4 እና 9፣ ሌላው 1፣ 3 እና 9 ይላል። 1 እና 9 ሌላ መግቢያ ስለሌላቸው ሁለቱን ቤቶች ይይዛሉ። እዚህ የሚሰረዙት ሌሎቹ ዕጩዎች ማለትም 4 እና 3 ናቸው፤ የሚሰረዙትም ከእነዚሁ ከሁለቱ ቤቶች ነው። በመጀመሪያው መልክ ሌሎቹ ቤቶች ይጸዳሉ፣ በሁለተኛው ራሳቸው የጥንዱ ቤቶች ይጸዳሉ። ሳይሰርዙ በፊት «ሌላ ዕጩ የሌላቸው ቤቶቹ ናቸው ወይስ ሌላ መግቢያ የሌላቸው ቁጥሮቹ ናቸው?» ብለው ይጠይቁ።

የመሰረዙ ወሰንም መጠበቅ አለበት። የጥንዱ ቤቶች የሚጋሩት ረድፍ ብቻ ከሆነ የሚሰርዙት በረድፉ ውስጥ ብቻ ነው። ረድፍም ሳጥንም የሚጋሩ ከሆነ ከሁለቱም ይሰርዛሉ። ምንም የማይጋሩ ሁለት ቤቶች ደግሞ ተመሳሳይ ዕጩ ቢኖራቸውም ጥንድ አይደሉም፤ እንዲያውም ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ሊይዙ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ ወደ ሥራ ስሄድ በባቡር ውስጥ በስልኬ ሱዶኩ እሠራለሁ፤ ከባዱን ደረጃ ሁሌ እጨርሳለሁ። በወረቀት ስሞክር ግን መካከለኛውን እንኳ አልጨረስኩም። ወረቀቱ ላይ ምን የተለየ ነገር አለ?
— ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ

መልስ፦ ስልክዎ የተሳሳተውን ቁጥር በቀይ እያሳየዎት ይሆናል። ቀዩ ቀለም ቁጥሩ ስህተት መሆኑን ይነግርዎታል፤ ለምን ስህተት እንደሆነ አይነግርዎትም። 4ን ሞክረው ቀይ ሲሆን፣ 6ን ሞክረው ሲያልፍ፣ የፈታው ስልኩ ነው። ብዙዎቹ የስልክ ሱዶኩዎች በቅንብራቸው ውስጥ ይህን ማጥፊያ አላቸው፤ ዛሬውኑ ያጥፉት። ዕጩዎችን በራሱ የሚጽፍና የሚሰርዝ አማራጭ ካለም አብረው ያጥፉ። ለተወሰነ ጊዜ ደረጃዎ ዝቅ ይላል፤ ይታገሡት። ከዚያ በኋላ የሚጨርሱት ከባድ ሱዶኩ በእውነት የእርስዎ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ለክፍሌ ተማሪዎች ሱዶኩ አዘጋጀሁ። የተሞላውን ሠንጠረዥ ይዤ ቁጥሮቹን እየደመሰስኩ ነው የሠራሁት። ሁለት ተማሪዎች የተለያየ መልስ አመጡልኝ፤ ሁለቱም ሕጉን ጠብቀዋል። ማንን ላርም?
— መምህርት፣ ከደሴ

መልስ፦ ሁለቱንም ልጆች ሙሉ ነጥብ ይስጧቸው፤ መታረም ያለበት ጥያቄው ነው። ትክክለኛ ሱዶኩ መልሱ አንድ ብቻ ነው። ሲደመስሱ አንድ ቦታ ላይ መጠኑን አልፈዋል።

ፈጥነው የሚያዩአቸው ሦስት ምልክቶች አሉ። የታተሙት ቁጥሮች ከ17 ማነስ የለባቸውም። በደብሊን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሚሠሩት የሒሳብ ሊቅ ጋሪ ማክግዋየርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በኮምፒውተር በተደረገ ሰፊ ፍለጋ 16 ቁጥር ብቻ ታትሞበት አንድ መልስ ያለው ሱዶኩ እንደሌለ አሳይተዋል። 17 መሆኑ ግን ዋስትና አይሰጥም፤ 30 ቁጥር ኖሮትም ሁለት መልስ ያለው ሱዶኩ መሥራት ይቻላል። ቀጥሎ፣ ከዘጠኙ የቁጥር ዓይነቶች ቢያንስ ስምንቱ ከታተሙት መካከል መገኘት አለባቸው። 3 እና 8 ሁለቱም አንድም ቦታ ላይ ካልታተሙ፣ በመልሱ ውስጥ 3ቱን ሁሉ በ8፣ 8ቱን ሁሉ በ3 ቢለውጧቸው ሌላ ትክክለኛ መልስ ይወጣልና።

ሦስተኛው በጣም ስውር ነው፤ የእርስዎን ጥያቄ ያበላሸውም እሱ ይመስለኛል። በተሞላው ሠንጠረዥ ላይ ሁለት ረድፎችና ሁለት ዓምዶች የሚገናኙባቸውን አራት ቤቶች ይፈልጉ፤ አራቱ ቤቶች በሁለት ሳጥኖች ውስጥ ብቻ የሚገኙ ይሁኑ። በላይኛው ረድፍ 1 እና 9፣ በታችኛው ረድፍ 9 እና 1 ሆነው ከተገኙ ሁለቱን ቁጥሮች ቢያቀያይሩ ረድፉም፣ ዓምዱም፣ ሳጥኑም አይጎዳም። ስለዚህ ከአራቱ ቢያንስ አንዱ ሳይደመሰስ መቅረት አለበት። የተማሪዎችዎን ሁለት መልሶች ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ የሚለያዩት በአራት ቤቶች ብቻ ከሆነ ነገሩ ይኸው ነው።

ለወደፊቱ አንድ ቁጥር በደመሰሱ ቁጥር ሱዶኩውን ከመጀመሪያው ይፍቱት። አሰልቺ ነው፤ ሌላ አቋራጭ ግን አልመክርዎትም፤ ልጆች ምክንያት እንዲፈልጉ የምናስተምረው ምክንያት ባለው ጥያቄ ነውና። ጥቂት ቁጥር መተውም ጥያቄውን የግድ ከባድ አያደርገውም፤ 17 ቁጥር ብቻ ኖሯቸው በቀላል ዘዴ የሚፈቱ ሱዶኩዎች አሉ።

ጥያቄ፦ እኔ በሒሳብ ደካማ ነኝ። ባለቤቴ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆነ ረድፉን ደምሮ 45 ከመጣ ትክክል ነው ይላል። ሱዶኩ ሒሳብ ለማያውቅ ሰው ይሆናል?
— ከአዳማ

መልስ፦ ይሆናል፤ በሱዶኩ ውስጥ መደመርም መቀነስም የለም። በቁጥሮቹ ፋንታ ዘጠኝ ፊደላት ወይም ዘጠኝ ቀለማት ቢቀመጡ ጨዋታው አንድም ነገር አይጎድልበትም። በዛሬው መልኩ «ነምበር ፕሌስ» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ አንድ መጽሔት ላይ ሲወጣ ያዘጋጁት ሃዋርድ ጋርንስ የተባሉ ጡረታ የወጡ አርክቴክት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1984 ኒኮሊ የተባለው የጃፓን አሳታሚ ማተም ጀመረ፤ የዛሬ ስሙም የተገኘው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2004 ወደ ለንደኑ «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ ያስገቡት ዌይን ጉልድ ደግሞ በሆንግ ኮንግ ዳኛ የነበሩ ሰው ናቸው። ነገሩ የሚጠይቀው ማስረጃ መመዘን ነው።

የባለቤትዎ ድምር ግን ያታልላል። ትክክለኛ ረድፍ ሲደመር 45 ይሆናል፤ 45 የሆነ ሁሉ ግን ትክክለኛ ረድፍ አይደለም። 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 5፣ 5፣ 7፣ 8፣ 9 ቢደምሩም 45 ይመጣል፤ 4 እና 6 ግን የሉም። «1 አለ፣ 2 አለ፣ 3 አለ» እያሉ በጣት እየነኩ መቁጠር ከድምሩ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ሁለት ዕጩ ብቻ የቀረው ቤት ሳገኝ አንዱን ገምቼ እቀጥላለሁ። ግማሽ በግማሽ ዕድል አለኝ። ይህ እንደ ስህተት ይቆጠራል?
— የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከጅማ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሕግ አልጣስክም። ግምትህ ከግጭት ጋር ካደረሰህ ሌላኛው ዕጩ ትክክል መሆኑን አስረድቶሃል፤ ይህ እውነተኛ ማስረጃ ነው። ግምትህ ሳይጋጭ ከቀጠለ ግን ገና ምንም አላወቅህም። አደጋው እዚህ ላይ ነው፤ አምስት ቁጥር ሄደህ ስላልተጋጨ ብቻ ግምትህን እንደተረጋገጠ ትቆጥረዋለህ፤ በላዩ ላይ ሌላ ግምት ትጨምራለህ። ከዚያ ወዲያ መመለሻው ይጠፋል። መሞከር ካለብህ በሌላ ወረቀት ላይ ገልብጠህ ሞክር፤ ዋናውን አትንካው።

እኔ ግን ከመገመትህ በፊት ሁለቱን ዕጩዎች አንድ ላይ እንድትከተላቸው እመክርሃለሁ። በረድፍ 2፣ ዓምድ 2 ያለው ቤት 3 ወይም 8 ነው እንበል። በዚሁ ረድፍ ዓምድ 7 ላይ ያለው ቤት 3 ወይም 6 ይላል። በመጀመሪያው ቤት ዓምድ ማለትም በዓምድ 2፣ ረድፍ 8 ላይ ያለው ቤት ደግሞ 6 ወይም 8። የመጀመሪያው ቤት 3 ከሆነ የረድፍ 2፣ ዓምድ 7 ቤት 6 ይሆናል። 8 ከሆነ የረድፍ 8፣ ዓምድ 2 ቤት 6 ይሆናል። በየትኛውም መንገድ ከእነዚህ ሁለት ቤቶች ቢያንስ አንዱ 6ን ይይዛል። አሁን በረድፍ 8፣ ዓምድ 7 ያለውን ቤት ተመልከት፤ ከአንደኛው ጋር ዓምድ፣ ከሌላው ጋር ረድፍ ይጋራል። ስለዚህ 6 ሊሆን አይችልም። ዕጩዎቹ 1 እና 6 ከነበሩ 1ን በእርግጠኝነት ጻፍ፤ 3 ወይም 8 የሚለውን ቤት ግን ገና ስላልታወቀ ባዶውን ተወው።